ለክርስትና የጀመርኩት ብርድ ልብስ ሳንቡሳ ሆነብኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

የገርጂዋ አክስት፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሁሌ አንብቤ የምወጣ ነኝ። ዛሬ ጨንቆኝ ነው የምጽፈው።

እህቴ ከ12 ቀን በፊት ሴት ልጅ ወለደች። ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ነው፣ ስለዚህ 68 ቀን አለኝ። ልጅቷን ገና እንዳቀፍኳት ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «የክርስትናዋን ብርድ ልብስ፣ ኮፍያና ጫማ እኔ በኪሮሽ እሠራለሁ» ብዬ ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት አወጅኩ። ኪሮሽ በእጄ ይዤ አላውቅም። ሁሉም ሰምቷል። አክስቶቼ በስልክ ሳይቀር «የት ደረሰ?» እያሉኝ ነው።

እናቴ ዳንቴል ሠሪ ናት። ሶፋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁ፣ የስኳር ዕቃው ሳይቀር ዳንቴል የለበሰበት ቤት ነው ያደግነው። አስተምሪኝ ስላት ትምህርቷ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እጄን እያየሽ ሥሪ።» እጇ ደግሞ አይታይም፣ ይበራል። ቀስ በይ ስላት ራሷም ይጠፋባታል፤ «አቦ አታደናግሪኝ» ብላ ከመጀመሪያው በዚያው ፍጥነት ትጀምራለች።

እሺ ብዬ ዩቲዩብ ገባሁ። የእናቴን ቀጭን የዳንቴል ክርና 1.5 ሚሊ ሜትር ኪሮሿን ይዤ፣ 60 ሰንሰለት (የመነሻ ቀለበት) ሠርቼ ብርድ ልብስ ጀመርኩ። በአራተኛው ቀን ብቆጥረው 11ኛው ረድፍ ላይ 47 ቀርቷል። እየጠበበ እየጠበበ ሄዶ ቁርጥ ሳንቡሳ። ትልቁ ጎኑ ራሱ ከስልኬ ርዝመት አይበልጥም።

ምን ዓይነት ክር ልግዛ? ስንት ቁጥር ኪሮሽ? ከሦስቱ የቱን ላስቀድም? ደግሞ ያወረድኩት ፓተርን (የአሠራር መመሪያ) «ደብል» የሚለውን ስፌት፣ ቪዲዮው ላይ ያለችው ሴትዮ «ሲንግል» ትለዋለች። ማንኛቸው ናቸው የተሳሳቱት? እናቴ በበኩሏ «ነጭ ካልሆነ ክርስትናው ላይ አልገኝም» ብላለች።

እትዬ ልቃቂት፦

እህትሽን እንኳን ማርያም ማረቻት ልጄ!

አሁኑኑ የእናትሽን ክርና ኪሮሽ መልሺላት። እሱ ለጠረጴዛ ነው። በዚያ ክር የጀመርሽው ብርድ ልብስ የሚደርሰው ለልጅቷ ሠርግ ነው።

እኔ ደሴ 22 ዓመት የእጅ ሥራ አስተምሬያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለክርስትና የሚሆን የሕፃን ልብስ እሠራለሁ። ስለዚህ የሳንቡሳው ነገር አዲስ እንዳይመስልሽ። ከ40 ተማሪ 35ቱ የመጀመሪያ ሥራውን ሳንቡሳ አድርጎ ነው የሚያመጣልኝ። ምክንያቱ አንድ ነው። ረድፉን ጨርሰሽ ስትዞሪ የምትሠሪያት ሰንሰለት የዳሩን ቀዳዳ ትሸፍነዋለች። አንቺ አላየሽውም፣ ዘለልሽው። በየረድፉ አንድ ወይም ሁለት እየዘለልሽ 60ው 47 ሆነ። መርፌ ቁልፍ ገዝተሽ የእያንዳንዱን ረድፍ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀዳዳ ላይ ሰኪ። መርፌ ቁልፉ ያለበት ላይ ሳትሠሪ አትዙሪ። ቁጠሪ። ስልክ እያወራሽም ቁጠሪ።

ክርሽ ለስላሳ ጥጥ ይሁን፣ ወይም ጥጥና አክሪሊክ የተቀላቀለ፣ ውፍረቱ መካከለኛ። ኪሮሽሽ 4 ሚሊ ሜትር። ሱቅ ስትገቢ ክሩን በእጅሽ ዳስሰሽ አትመኚው፤ የእኛ እጅ ሽንኩርት ሲከትፍ የኖረ እጅ ነው። አንገትሽ ላይ አሸት አሸት አድርጊው። እዚያ ከኮሰኮሰሽ ተይው። ፀጉር ፀጉር ያለውንም አትግዢ፤ ይረግፍና ሕፃኗ አፍ ውስጥ ይገባል። የሚበቃሽን ሁሉ በአንድ ቀን፣ ከአንድ እሽግ ግዢ። ነጭ ሁሉ አንድ እንዳይመስልሽ። ወተት ነጭ አለ፣ ሰማያዊ የሚመታ ነጭ አለ። መሃሉ ላይ መሥመር ይወጣብሻል።

ግን በነጭ አትለማመጂ። ቀዳዳው አይታይሽም፣ ማታ በመብራት ደግሞ ይብስብሻል። አንድ ልቃቂት ቢጫ ወይም ሰማያዊ ገዝተሽ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ሥሪ። ከዚያ እጠቢው። ጥጥ ይገባል፤ ስንት እንደገባ ለክተሽ ያዢ።

ከሦስቱ ኮፍያው ይቅደም። በሁለት ምሽት ያልቃል፣ ቢበላሽም አያስለቅስም።

ሰፌድ ሲሰፋ አይተሻል? ከእምብርቱ ተነስቶ በዙር እየሰፋ ይሄዳል፣ ማስፋቱን ስታቆሚ ጎኑ ይቆምና እንቅብ ይሆናል። ኮፍያም ይኸው ነው። እናትሽ አጭሩና ረጅሙ ስፌት የምትለው ይኖራል፤ ረጅሙን (ክሩን አንዴ ኪሮሹ ላይ ጠምጥመሽ የምትሠሪውን) ያዢ። መጀመሪያ ክብ ውስጥ 12። ሁለተኛው ዙር እያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት፣ 24። ሦስተኛው አንዱ ላይ አንድ፣ ቀጣዩ ላይ ሁለት እያልሽ 36። አራተኛው 48። በየዙሩ 12 ነው የሚጨመረው። እየሠራሽ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተሽ እዪው። እንደ ሲኒ ከጎደጎደ አሳንሰሻል፣ እንደ ጎመን ቅጠል ከተጨማደደ አብዝተሻል። ልክ ከሆነ እንደ ምጣድ ይተኛል።

መቼ ታቆሚያለሽ? የልጅቷን ጭንቅላት ዙሪያ ለኪ። በ80 ቀኗ 39 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ኮፍያ ስለሚለጠጥ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቀንሺለት፣ 37። ያንን ለ3.14 አካፍዪው፣ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። የተኛው ክብ ከዳር እስከ ዳር 12 ሲሆን ማስፋት አቁሚና ሳትጨምሪ ዙሪ። ከአናቱ እስከ ጠርዙ 14 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ በቃ። አንገት ላይ የሚታሰር ገመድ እንዳታደርጊ። ቁልፍም አታብዢ፤ ሕፃን ነቅሎ ይውጠዋል።

ጫማው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያት አለኝ።

የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ሲወለድ የሠራሁለት ጫማ ሰፈሩ ሁሉ «ወይ እጅ!» ያለለት ነበር። አበባ ነበረው፣ ጥለት ነበረው። ውስጡን ግን እንደነገሩ ነው የጨረስኩት። የክሩን ጫፍ ሳላስገባ፣ ቋጥሬ ብቻ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ልጁ ሌሊቱን ሙሉ አለቀሰ። ሆዱን ነው አልን፣ እናቱ የበላችው ነው አልን፣ እኔም አዋቂዋ ምች ነው አልኩ። ጠዋት ጫማውን ሳወልቅ ትንሿ ጣቱ እንደ ቲማቲም ቀልታ አብጣለች። ያ የተውኩት ክር ተጠምጥሞባታል። ጤና ጣቢያ ወስደነው በመቀስ ተቆርጦ ተረፈች። ይህን ስነግርሽ ዛሬም እጄ ይቀዘቅዛል።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ስጨርስ በመጀመሪያ የማየው ውስጡን ነው። እኛ ውጩን እናያለን፣ ሕፃኑ የሚለብሰው ውስጡን ነው። ክሩን ስትቆርጪ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር አስቀሪ። በወፍራም መርፌ ወደ ፊት፣ ከዚያ ወደ ኋላ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ፊት ውስጥ ለውስጥ አስገቢው። ቋጠሮ ብቻውን አይታመንም። ለጫማም ለብርድ ልብስም ቀዳዳ የበዛበት ፓተርን አትምረጪ፤ ትንሿ ጣትሽ የምታልፍበት ከሆነ ሰፍቷል። የጫማው ርዝመት ከ9 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

ብርድ ልብሱ 75 በ75 ይሁን። ከ350 እስከ 450 ግራም ክር ይበላል። በ4 ሚሊ ኪሮሽ ወደ 120 ሰንሰለትና ወደ 90 ረድፍ ነው፤ አባዢው፣ 11 ሺህ ጊዜ ገደማ ኪሮሹን ታስገቢያለሽ። ላስፈራራሽ አይደለም። በቀን ሁለት ረድፍ ብትሠሪ በ45 ቀን ያልቃል። ኮፍያውና ጫማውም አሉና ሦስት ሳምንት ከዘለልሽ ግን አይደርስም።

ሜሪላንድ ያለሁት፦

እትዬ፣ አፍ ያስከፍታሉ! የኮፍያውን ሂሳብ ኮፒ አድርጌ አስቀመጥኩት።

የገርጂዋ፣ ስለ ፓተርኑ እኔ ልመልስልሽ፣ እዚህ እኔም ተቃጥዬበታለሁ። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱ አሜሪካዊ፣ አንዱ እንግሊዛዊ ነው። አሜሪካኖች «ሲንግል» የሚሉትን እንግሊዞች «ደብል» ይሉታል። አሜሪካኖች «ደብል» የሚሉት ደግሞ ለእንግሊዞቹ «ትሬብል» ነው። ፓተርኑ ውስጥ «ሲንግል ክሮሼ» የሚል ካገኘሽ አሜሪካዊ ነው፣ እንግሊዞቹ ይህን ስም አይጠቀሙበትም። ሳታረጋግጪ ከጀመርሽ ኮፍያሽ ወይ ለአሻንጉሊት ወይ ለአባቷ ይሆናል።

ሌላ አንድ ነገር፣ በአክብሮት። የሕፃናት ማቆያ ነው የምሠራው። እዚህ አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ አልጋ ውስጥ ብርድ ልብስ አናስገባም፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ይህንኑ ነው የሚመክረው። ፊቱ ላይ ከወጣ ሕፃን ገፍቶ ማውረድ አይችልም። ኮፍያም ቤት ውስጥ ሲተኙ ይወልቃል፣ ሙቀት እንዳይበዛባቸው። በእኛ አገር ደግሞ ለዓይን ተብሎ ፊታቸው ይሸፈናል። ስጦታውን ስትሰጪ ይህን ለእህትሽ ሹክ በያት።

እትዬ ልቃቂት፦

ልክ ብለሻል የእኔ ልጅ። ለእቅፍ ነው እንጂ ለእንቅልፍ አይደለም። ለአያቶቹ ማስረዳቱ ነው ከባዱ፣ እኔ ራሴ አያት ነኝና አውቀዋለሁ።

የሸማኔ ልጅ፦

ወንድ ነኝ፣ አትሳቁብኝ። ያደግኩት ሽሮ ሜዳ፣ አባቴ ሸማኔ ነው። ኪሮሽ ከእህቶቼ ጋር ስቀመጥ ነው የለመድኩት።

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ጀማሪ ሆነሽ 11 ሺህ ጊዜ ማስገባት ይከብድሻል። ብርድ ልብሱን አቋራጭ አለው። ለስላሳ ነጭ የሽመና ጨርቅ፣ ጋቢ የሚመስል ግን ሳሳ ያለ፣ 80 በ80 አሠሪ። መጀመሪያ እጠቢው፣ የእጅ ሽመና ይገባል። ከዚያ ጠርዙን አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ አጥፈሽ ስፊው። በጠርዙ ላይ በመርፌ በየግማሽ ሳንቲ ሜትሩ ክር አዙሪበት። ያ የኪሮሹ መነሻ ይሆናል። ዙሪያውን በ2 ሚሊ ኪሮሽ ጥለት ሥሪለት። ሦስት ሜትር ከምናምን ብቻ ነው የምትሠሪው።

ደግሞ ለዚህ ቀጭን ክር ነው የሚያስፈልገው። እናትሽ «እጄን እያየሽ» ያሉት እጅ እኮ ለዚህ የተፈጠረ ነው።

የገርጂዋ አክስት፦

ሰላም፣ ተመልሻለሁ። ስድስት ሳምንት ሆነኝ፣ 26 ቀን ቀረኝ። ዝም ያልኩት እየቆጠርኩ ስለነበር ነው።

የመጀመሪያው ኮፍያ እትዬ እንዳሉት የጎመን ቅጠል ሆነ። ሁለተኛው ጥሩ ወጥቶ ነበር፣ ግን 12 ሳንቲ ሜትር ላይ ማቆሜን ረስቼ ዙር ጨመርኩ። አሁን የስድስት ዓመቱ የወንድሜ ልጅ ለብሶት ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው። ሦስተኛው ልክ ሆነ። በቢጫ ነበር፣ ከዚያ በነጭ ደገምኩት። መርፌ ቁልፉ ሕይወቴን አትርፎታል። እትዬ፣ ስልክ እያወራሁ መቁጠር ግን አልቻልኩም። አሁን ስልክ አላነሳም፣ አክስቶቼ ተቀይመዋል።

ብርድ ልብሱን የሸማኔው ልጅ እንዳለው አደረግኩት። ተባረክ ወንድሜ። ጨርቁን አሠርቼ፣ አጥቤ፣ ጠርዙን ሰፍቼ ለእናቴ አቀረብኩላት። ቀና ብላም አላየችኝ። 1.5 ሚሊ ኪሮሿን አነሳችና ጀመረች። በአራት ምሽት ሦስቱን ጎን ጨርሳለች። አራተኛው የእኔ ነው ብላ ትታልኛለች። ከእሷ ሦስት ጎን አጠገብ የእኔን አንድ ጎን ማየት ያሳፍራል፣ ግን እየሄደ ነው። በነገራችን ላይ ቀስ ብላ መሥራት ጀምራለች። መነጽሯን ስትቀይር ነው ወይስ ለእኔ ብላ፣ አልጠየቅኳትም።

ትናንት ማታ ጫማውን ጨረስኩ። ሁለት ፍሬ፣ 9 ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ እኩል። እትዬ የነገሩንን የልጅ ልጃቸውን ጣት ታሪክ ለእናቴ ነግሬያት ነበር። ጫማውን ስሰጣት እያገላበጠች ታደንቃለች ብዬ ስጠብቅ፣ አንዱን ገልብጣ ጣቷን አስገባችና ውስጡን ዳሰሰች። ከዚያ ሁለተኛውን። ብዙ ቆየች።

«እዚህ ጋ አንድ ክር አለ» አለችኝ። «መርፌውን አምጪው።»