ባሕር ዳር ላይ የሆቴል ጥናት፦ ፈረንጅ በጠፋበት ሰሞን ማንን ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ ሪሴፕሽኗ

ሰላም ለሁላችሁ። በሆቴልና ቱሪዝም ማኔጅመንት ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። እንጀራዬ ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነው። ለማሟያ ጥናት ያቀረብኩት ርዕስ «የአገልግሎት ጥራት በደንበኞች እርካታ ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ በባሕር ዳር በተመረጡ ሆቴሎች» የሚል ነው። ሰርቭኳል በሚባለው የአገልግሎት ጥራት መለኪያ 384 የውጭ ቱሪስቶችን መጠይቅ ላስሞላ ነበር ሐሳቤ። አድቫይዘሬ ፕሮፖዛሉን አይተው «384 ፈረንጅ ከየት ልታመጪ ነው?» ብለው መለሱልኝ። 2015 ክረምት ላይ ክልሉ ውስጥ ግጭት ከተነሳ ወዲህ የውጭ እንግዳ እንደ ድሮው አይደለም፤ ዴስክ ላይ ስለምቆም አያለሁ።

ሌላው ችግር መረጃ ነው። ሁለት ሆቴሎች የገቢ መረጃ ስጠይቃቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ርዕሱን ልቀይር? ናሙናዬስ ማን ይሁን? ከሆቴሎች መረጃ ያገኘ ሰው ካለ እንዴት እንዳገኘ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ መምህሩ

እህቴ፣ አድቫይዘርሽ ልክ ናቸው። 384 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። የሰዎቹ ጠቅላላ ብዛት በማይታወቅበት ጊዜ፣ በ95 በመቶ መተማመኛና በ5 በመቶ የስህተት ወሰን ሲሰላ የሚወጣ ነው። የ95 በመቶ መተማመኛ ቁጥር የሆነውን 1.96ን በራሱ አባዢው፣ በ0.25 (0.5 በ0.5) አባዢው፣ ለ0.0025 (0.05 በ0.05) አካፍይው፤ 384 ይመጣል። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከተደረደሩት ጥናቶች ስንቱ 384 እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ቁጥሩ የሚሠራው ግን ሰዎቹን በዕጣ መምረጥ ከቻልሽ ነው። ሎቢ ላይ ያገኘሽውን ሁሉ እያስሞላሽ 384 ብታደርሺው ያው ያገኘሽው ሰው ነው።

ሰርቭኳልን በተመለከተ። ፓራሱራማን፣ ዘይታምልና ቤሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጡት 22 ጥያቄ አለው። የሚጠየቀው ግን ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ እንግዳው የጠበቀውን፣ አንዴ ያገኘውን። 44 ሆነ ማለት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ አየር ማረፊያ የሚሮጥ ሰው 44 ጥያቄ አይሞላልሽም። ከሞላም «ምን ጠብቀው ነበር» የሚለው ላይ 5፣ 5፣ 5 እያለ ቁልቁል ይወርዳል። ዝቅ ያለ ነገር ጠብቄ መጣሁ የሚል ማን አለ? ከዚያ ክፍተቱ በሙሉ ኔጋቲቭ ይወጣና ሆቴሎቹ ሁሉ የማይረቡ ይመስሉሻል። ክሮኒንና ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1992 ያመጡት ሰርቭፐርፍ ያገኘውን ብቻ ነው የሚለካው። 22ቱ ይበቁሻል።

የሠራተኞችን አስተያየት ከፈለግሽ ደግሞ ብዛታቸው የሚታወቅ ስለሆነ የያማኔን የናሙና ቀመር መጠቀም ትችያለሽ። ለምሳሌ የመረጥሻቸው ሆቴሎች ሠራተኞች በድምሩ 240 ከሆኑ፣ 240ን በ0.0025 አባዝተሽ 1 ትደምሪበታለሽ፣ 1.6 ይሆናል፤ 240ን ለ1.6 አካፍለሽ 150 ሰው ትወስጃለሽ።

መልስ፦ ናይት ኦዲተር

እኔ ርዕሱን ቀይሪ ባይ ነኝ። «ጥራት በእርካታ ላይ ያለው ተጽዕኖ» ተብሎ ተብሎ ነጥፏል። መልሱም ሳይጠና ይታወቃል፤ ጥሩ ስታስተናግጂው ይደሰታል።

አንቺ እኮ ሪሴፕሽን ላይ ነሽ። ሌላው ተማሪ የማያየውን ታያለሽ። ባሕር ዳር ላይ አሁን አልጋ የሚይዘው ማነው? ከአዲስ አበባ ለሥልጠና የሚመጣ፣ ሙሽራ፣ ተሳላሚ፣ ዘመድ ጥየቃ የመጣ ዲያስፖራ። ጥር ላይ አዳራሹ ሠርግ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ያቆማል፣ ኩሽናውም ወደ ጾም ቡፌ ይዞራል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ መሥሪያ ቤቶች በጀቱ ሰኔ 30 ሳይዘጋባቸው ሥልጠናውን ይደረድሩታል። ሐምሌ ሲገባ ጭር። ይህን የሚያሳይ አንድ ቻርት ብቻ ብትሠሪ ለባለሆቴሎቹ ከ22 ጥያቄ ይልቅ ይጠቅማቸዋል።

ስለዚህ ወርኃዊውን ውጣ ውረድና የዋጋ ውሳኔን አጥኚ። ማናጀሮች የሚያወሩት የአልጋ ይዞታ በመቶኛ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ያታልላል። በቁጥር ላሳይሽ። 40 ክፍል ያለው ሆቴል በ30 ቀን 1,200 የክፍል ሌሊት አለው። 540 ሸጠ እንበል፣ በአማካይ 2,000 ብር። ይዞታው 45 በመቶ ነው፣ ገቢው 1,080,000 ብር። ለ1,200 ሲካፈል 900 ብር ይመጣል። ሬቭፓር የሚሉት ይሄንን ነው፤ የተሸጠውም ያልተሸጠውም ክፍል ተደምሮ እያንዳንዱ ያስገባው። በሚቀጥለው ወር ዋጋውን ወደ 1,700 አወረደና 600 ሸጠ። ይዞታው 50 በመቶ ሆነ፣ ማናጀሩ ተደሰተ። ገቢው ግን 1,020,000 ነው፣ ሬቭፓሩ 850። አንሶላ አጠባው፣ ቁርሱ፣ ሳሙናው ጨምሯል፤ ብሩ ቀንሷል።

ከናይት ሪፖርት (ሌሊት ከሚዘጋው የቀኑ ሒሳብ) ላይ ስትወስጂ ዴይ ዩዙን (ለቀን ብቻ የተያዘውን)፣ በነፃ የተሰጠውንና ብልሽት ላይ ያለውን ክፍል ለይተሽ ጻፊ። አለበለዚያ የአንዱ ሆቴል ቁጥር ከሌላው ጋር አይወዳደርም። የሥልጠና እንግዳ በድርጅት ስም በዱቤ ስለሚያድርም ዋጋው ሌላ ነው። እሱንም ለብቻ።

መልስ፦ ሰብለ

ጣናን ከወረረው አረም ከእምቦጭ ጋር ብታያይዢውስ? «እምቦጭ በባሕር ዳር ሆቴሎች ላይ ያደረሰው ጉዳት» የሚል ርዕስ ለፈንድም ይመቻል።

መልስ፦ ካፒቴን

ሰብለዬ፣ ለፈንድ ይመች ይሆናል፣ ለእውነቱ ግን ይከብዳል። አረሙ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ጀምሮ በብዛት የያዘው ሰሜን ምሥራቁን ነው፤ ፎገራን፣ ጎንደር ዙሪያን፣ ደንቢያን። ባሕር ዳር ያለው ደቡብ ዳርቻ ላይ ነው። ሆቴሉ ባዶ ሲሆን በእምቦጭ ማሳበብ ቀላል ነው። ዓሣ አጥማጁንና ገበሬውን ልታጠና ከሆነ ግን እሰየው።

ለጠያቂዋ እህታችን። ከሆቴል መረጃ እምቢ ካሉሽ ወደ ውኃው ነይ። ጀልባ በወረፋ ነው የሚሠራው፣ ወረፋ ደግሞ መዝገብ አለው። ማን መቼ ወጣ፣ ስንት ሰው ጫነ፣ ወዴት ሄደ ይጻፋል። የጀልባ ማኅበሩን ሰብሳቢ አስፈቅደሽ ከተቀመጥሽ የአንድ ዓመት እንቅስቃሴ ታያለሽ። ቅዳሜና እሁድ የሚጭነው የአገር ሰው ነው፣ በአብዛኛው አጭር ጉዞ። አባይ ከጣና የሚወጣበትን አይቶ፣ ጉማሬ ካለ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ዘጌ ድረስ ለመሄድ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ነዳጁ ይከብዳል፤ ሰው ሲሞላ ነው የሚያዋጣው። ሰው እስኪሞላ ወደቡ ላይ ጥላ ሥር የሚቀመጠውን ቤተሰብ ጠይቂው። ሥራ ፈትቶ ስለሆነ የሚጠብቀው መጠይቁን አንብቦ ይሞላልሻል፤ ሻይ ከጋበዝሽው ደግሞ ያላስገባሽውንም ይነግርሻል።

መልስ፦ የዘጌ ልጅ (አስጎብኚ)

ካፒቴን ያለው ላይ ልጨምር። የጎብኚ ናሙና ከጣና ገዳማት ላይ ልወስድ ካልሽ ጾታውን አስቢበት። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ ናርጋ ሥላሴ ትገቢያለሽ። ክብራን ላይ ብቻ ብትሰበስቢ ጥናትሽ የወንዶች ሆኖ ያርፋል፤ አንቺም ጀልባው ላይ ቁጭ ብለሽ ነው የምትሰበስቢው። ቀኑንም ምረጪ። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥ ዑራ ብትመጪ ሰው በሰው ነው፤ ግን ተሳላሚ ነው። «የጉብኝት ዋጋ ውድ ነው ወይ» ስትይው ግራ ይገባዋል፤ እሱ ለመሳለም እንጂ ለጉብኝት አልመጣም። ተሳላሚና ቱሪስት በአንድ መጠይቅ አይጠየቁም።

ደግሞ ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ባለው የቡና ጫካ መንገድ ላይ ጌጣጌጥና ትናንሽ የደንገል ታንኳ የሚሸጡ ሴቶችና ልጆች አሉ። ጀልባ ሲቀር መጀመሪያ የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ጥናቶች ሁሉ ሆቴል ሆቴል ሲሉ እነሱን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

መልስ፦ የድሮ ሆቴል ሰው

ልጄ፣ እኔ በሆቴል ሥራ ያረጀሁ ነኝ። ባለሆቴሎቹ ፊታቸው የተለዋወጠው ክፉ ሆነው አይደለም። ገቢ ሲባል የሚታያቸው ግብር ነው። ወረቀትሽ ላይ «ገቢ» የሚል ቃል ካዩ ዩኒቨርሲቲ ላከኝ ብትይም አያምኑሽም። በብር አትጠይቂያቸው። «መስከረምን 100 ብንለው ጥር ስንት ይሆናል? ሐምሌስ?» በያቸው። ይነግሩሻል። ውጣ ውረዱን ለማጥናት ከዚህ በላይ አትፈልጊም። በጥናቱም ውስጥ ሆቴል ሀ፣ ሆቴል ለ፣ ሆቴል ሐ በያቸው። ግን ተጠንቀቂ፤ «ሐይቁ ዳር ያለው ባለ ይህን ያህል ክፍል ሆቴል» ብለሽ ከጻፍሽ ከተማው ትንሽ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል። ባለቤቱን ከሰዓት በኋላ ሂደሽ አግኚው እንጂ በምሳ ሰዓት አትሂጂበት። ከማናጀሩ ይልቅ ሀውስኪፐሯ የተሻለ መረጃ አላት፤ ስንት አንሶላ እንደታጠበ እሷን ጠይቂ።

ሪሴፕሽኗ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የመስከረሟን ዘዴ ዛሬውኑ ሞከርኩት። የኛው ማናጀር ሳይጠየቁ የሁለት ዓመቱን ነገሩኝ! ናይት ኦዲተር፣ ያንተን ሬቭፓር ይዤ አድቫይዘሬ ጋ እሄዳለሁ። ርዕሱ «የወቅት መለዋወጥና የክፍል ዋጋ ውሳኔ በባሕር ዳር ሆቴሎች» ቢሆን ምን ትላላችሁ? የሠርግና የሥልጠና እንግዳውን ለይቼ፣ የጀልባ መዝገቡን ማመሳከሪያ አድርጌ። አንድ ነገር ብቻ፤ የምሠራበትን ሆቴል ባካትት ችግር አለው?

መልስ፦ መምህሩ

ርዕሱ አሁን ጥናት መሰለ። የራስሽን ሆቴል ማካተት ትችያለሽ፤ ግን እዚያ እንደምትሠሪ በግልጽ ጻፊ። ባልደረቦችሽን አንቺ ራስሽ ኢንተርቪው አታድርጊ፣ ሌላ ሰው ያድርግልሽ። አለቃቸው ጋ ይደርሳል ብለው ይፈራሉ። ማናጀሩ በቃል የነገሩሽንም ከናይት ሪፖርቱ ጋር አስተያይው፤ ሰው ጥሩውን ወር አብልጦ ነው የሚያስታውሰው። በቁጥር ላይ ብቻ አትቁሚ። ከአምስት ስድስት ማናጀር ጋር ቁጭ ብለሽ ዋጋ ያወረዱበትን ቀን አስተርኪያቸው፤ ማን ወሰነ፣ ምን አይቶ ወሰነ፣ ጎረቤት ሆቴል ስላወረደ ነው ወይስ አስልቶ? ውጤቱ የሚጻፍበት ምዕራፍ አራት የሚጣፍጠው እዚያ ላይ ነው።

መልስ፦ ካፒቴን

የትብብር ደብዳቤሽን ማኅተም አስመትተሽ አምጪ፤ ያለ ማኅተም ሰብሳቢው መዝገቡን አይገልጥልሽም። ለማኅበሩ በስሙ ይጻፍ፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለውን አይወዱትም። ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ነይ፤ ወረፋ ከተጀመረ በኋላ ማንም አያናግርሽም።