ታንኳን በብረት መሥራት፦ ምኑ ላይ ነው የሳትሁት?

በያጁ (ባሕር ዳር)
ጤና ይስጥልኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ በርና መስኮት ስበይድ የኖርሁ ሰው ነኝ። አሁን አንድ የሆቴል ባለቤት በግቢያቸው የሚቆም አራት ሜትር የብረት ታንኳ አዘዙኝ። ለናሙና የሰጡኝ ፎቶ ግን የአይስላንድ ነው፤ ሬይክያቪክ ባሕር ዳርቻ ላይ የቆመው የቀራጺው ዮን ጉናር አርናሶን «ሶልፋር» የተባለ ጀልባ መሰል የብረት ቅርጽ። ጎኑ ክፍት፣ አጥንት አጥንቱ የሚታይ፣ የሚያብረቀርቅ። ማማሩን ያምራል። ክንድ የምታህል ሞዴል በቀጭን ቶንዲኖ ሠርቼ ለባለቤቴ ባሳያት «የዓሣ እሾህ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ደግሞስ ተራ ብረት ቀለም ቢቀባ የሐይቁን እርጥበት ይችላል?

መንገደኛ
ሶልፋርን ቆሜ አይቼዋለሁ። ክፍቱን ጎን የሚሞላው ከኋላው ያለው ባሕርና ኤስያ (Esja) የሚሉት የአገሩ ተራራ ነው። ከሆቴሉ ታንኳ ጀርባ የግንብ አጥር ካለ እውነትም እሾህ ይመስላል። ብዙ ሰው የቫይኪንግ መርከብ ይለዋል እንጂ ቀራጺው ያሰበው የሕልም ጀልባ፣ ለፀሐይ የቀረበ ውዳሴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ሲመረቅ ግን እሱ በሕይወት አልነበረም፤ በ1989 ነው ያረፈው።

የደንገል ልጅ
ወንድሜ፣ ባለቤትህ ልክ ናት። ታንኳ አጥንት የለውም! አባቴ ሲሠራ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ደንገሉን አጭዶ፣ አድርቆ፣ እቅፍ እቅፍ እያደረገ ያስርና አፍንጫውን ወደ ላይ ይቀለብሰዋል። የሚያንሳፍፈው በደንገሉ ውስጥ ያለው አየር ነው። ስለዚህ ቀጫጭን ቱቦ በእቅፍ እሰር። ውኃ ሲጠጣም ከዛፍ አስደግፈው ሽቅብ ያቆሙታል፤ አንተም እንዲያ ብታቆመውስ? ደንገሉን ደግሞ አትናቀው፤ ኖርዌጂያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1970 ከሞሮኮ ባርቤዶስ በ57 ቀን የገባባት «ራ 2» የተባለች ጀልባ የተሠራችው ከኢትዮጵያ በሄደ ደንገል ነው።

ሞራጁ
ቱቦዎቹን አጣብቀህ ከበየድህ በመካከላቸው ውኃ ይተኛል፤ ዝገቱም ከዚያ ይነሣል። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተው። አቅሙ ካላቸው ስቴንለስ (ዝገት የማይደፍረውን ብረት) ያስገዙህ፤ ኤሌክትሮዱም የስቴንለስ ይሁን። ተራ ብረት የሞረድህበትን ዲስክ ከቶ አታስነካው። ብናኙ ተጣብቆ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፤ በአንድ ደረጃ መደገፊያ ላይ ደርሶብኝ በራሴ ገንዘብ ነው ያስወለወልሁት።

በያጁ (ባሕር ዳር)
ዛሬ ሳይነጋ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ሦስት ታንኳ ዋርካ ተደግፈው ቆመዋል፤ ከአንዱ ግርጌ ውኃው ጠብ ጠብ ይላል። ሜትሬን አውጥቼ የአፍንጫውን ቅልባሽ ስለካ ዓሣ አጥማጁ መጣና «ልትገዛው ነው?» አለኝ። ነገሩን ባስረዳው ሳቀና የማሰሪያውን አጠማመር ፈትቶ አሳየኝ። ከዚያ ለሆቴሉ ባለቤት ደውዬ «ሽቅብ ይቁም» ብላቸው «ታዲያ ሙሽሮች ምን ላይ ተቀምጠው ፎቶ ይነሣሉ?» አሉኝ። ነገ አዲሱን ሞዴል ይዤላቸው እሄዳለሁ።