ሄፓታይተስ ቢ (የጉበት ቫይረስ) ተገኘብኝ፣ የምወልደውን ልጅ እንዴት ላድን? (ሀዋሳ)

የሐይቅ ዳር ልጅ፦

ሰላም እህቶቼ። የ30 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የመጀመሪያዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ለክትትል ሄጄ ደም ሰጠሁ። ኤችአይቪ ነፃ፣ ቂጥኝ ነፃ። ሦስተኛው ላይ ውጤቱን የምትነግረኝ ልጅ ዝም አለች። ከዚያ "ሄፓታይተስ ቢ አለብሽ" ብላ ወረቀቱን አጥፋ ሰጠችኝ። "ታዲያ ምን ላድርግ?" ስላት "ሐኪም ያይሻል" አለችኝና ቀጣዩን ስም ጠራች። ቀጠሮዬ ማክሰኞ ነው።

ምንም አያመኝም። ዓይኔ ቢጫ አይደለም። ቤት ስናገር አማቴ "የወፍ በሽታ ነው" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቡና ሲኒዬ ለብቻው ነው የሚቀመጠው። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ፈርተው ነው። እኔ ግን ያንን ሲኒ ባየሁ ቁጥር እጄ ሆዴ ላይ ይሄዳል። ባለቤቴ ምንም አልተናገረም። ዝምታው ግን "ከየት አመጣሽው?" የሚል ይመስለኛል።

ልጄን ይይዘዋል? በኦፕራሲዮን መውለድ አለብኝ? ጡትስ ማጥባት እችላለሁ? ያለፈችበት ካለች እባካችሁ ንገሩኝ።

የታቦሯ እናት፦

አይዞሽ እህቴ። እኔም እዚሁ ሀዋሳ ነኝ፣ እኔም እንዳንቺ በክትትል ነው ያወቅኩት። ልጄ አሁን 2 ዓመት ከ3 ወሩ ነው። ተመርምሯል፣ ነፃ ነው። መጀመሪያ ይሄን ያዢልኝ።

ለእኔ የቫይረሱ መጠን ተለካ፤ ከፍ ያለ ነበር። ቴኖፎቪር የሚባል ኪኒን ታዘዘልኝ፣ በቀን አንድ። ጎረቤቴ ዕቃውን አይታ "ይሄ የኤችአይቪ መድኃኒት አይደል?" ብላኝ ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ። ሐኪሙ በኋላ አስረዳኝ። መድኃኒቱ ለሁለቱም ያገለግላል። የእኔ የተሰጠኝ በደሜ ውስጥ ያለውን ቫይረስ አሳንሶ ልጁ ላይ እንዳይደርስ ነው። ስለዚህ ዕቃውን አይቶ ለሚያወራ ሰው ጆሮ አትስጪ። ደግሞ ሐኪም ሳይልሽ እንዳታቋርጪ፣ ከወለድሽ በኋላም ቢሆን።

አሁን ዋናው ነገር። ልጁ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መወጋት አለበት። ሐኪሙ ይሄን ደጋግሞ ነግሮኛል። እኔም ሰምቻለሁ። ያልጠየቅኩት አንድ ነገር ነበር፤ ክትባቱ የት ነው የሚቀመጠው?

ቅዳሜ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ወለድኩ። ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ክትባቱ የለም። የክትባት ክፍሉ ተቆልፏል፣ ቁልፉ የሚገኘው ሰኞ ነው። "ሰኞ ይዘሽው ትመጫለሽ" አሉኝ። የደከመው ሰውነቴ እሺ ሊል ነበር። ባለቤቴ ግን እሺ አላለም። ሲነጋ ባጃጅ ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞረ፤ ሦስተኛው ጋ አገኘ። ፋርማሲስቷ በፌስታል አልሰጥም አለች። ለሻይ ያመጣውን ፔርሙስ አጥባ በረዶ ጨመረችበት። ብልቃጧን በጋዜጣ ሁለት ዙር ጠቅልላ ከላይ አስቀመጠችለት። "በረዶው እንዳይነካው። ክትባቱ ረግቶ በረዶ ከሆነ ተበላሸ ማለት ነው፣ አይሠራም" አለችው። ፔርሙሱን በሁለት እጁ ይዞ ሲገባ አሁንም ይታየኛል። ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ተወጋልኝ፤ በተወለደ በ8 ሰዓቱ። ጭኑ የእኔን ሁለት ጣት አያህልም ነበር። ትንሽ አለቀሰና ጡቴን ይዞ ተኛ።

ማንንም ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። አንቺ ግን እንደኛ እሁድ ጠዋት እንዳትሯሯጪ። አሁን፣ ሆድሽ ሳለ፣ የምትወልጂበት ቦታ ሄደሽ በግልጽ ጠይቂ፦ "ሲወለድ የሚሰጠው የሄፓታይተስ ክትባት እዚህ አለ? ማታስ? ቅዳሜና እሁድስ ማን ይሰጠኛል?" ከሌለ የት እንደሚገኝና ማን እንደሚያመጣው ቀድማችሁ ጨርሱ።

አዋላጅ ነኝ፦

የታቦሯ እናት፣ ባለቤትሽን እግዚአብሔር ይባርክልኝ። እኔ ከምጥ ክፍል በኩል የማውቀውን ልጨምር።

ለዚህ ብቻ ተብሎ ኦፕራሲዮን አይሠራም። ጡት ታጠቢያለሽ፤ ክትባቱን እስከወሰደ ድረስ ጡትሽ ልጅሽን አይጎዳውም። ጫፉ ቆስሎ ከደማ ግን ለሚያይሽ ባለሙያ አሳዪ።

የምንቸኩልበት ምክንያት ይሄ ነው። አዋቂ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ሲይዘው አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ያጸዳዋል፤ በውስጡ የሚቀረው ከ100 ሰው 5 አይሞላም። ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ግን ከ10ሩ 9ኙ ይዞት ያድጋል። ለዓመታት ምንም አያመውም፣ ከዚያ በጎልማሳነቱ የጉበት መጠንከር ወይም ካንሰር ሆኖ ይመጣል። የመጀመሪያዋ መርፌ ይሄን በር ነው የምትዘጋው። ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባል ሌላ መርፌ (ቫይረሱን የሚዋጋ የተዘጋጀ መከላከያ) ከተገኘ በዚያው ሰዓት በሌላኛው ጭን ይሰጣል። ውድ ነው፣ ሁሌም አይገኝም። አጣሁት ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ፤ ክትባቱ ብቻውንም ብዙ ይከላከላል።

ብዙ እናቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ "በ6 ሳምንቱ ይከተብ የለ?" ይሉኛል። አዎ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ የሚሰጠው ፔንታ (አምስት ክትባት በአንድ መርፌ) ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለ፤ ሦስቱንም ማስጨረስ አለብሽ። ነገር ግን ቫይረሱ የሚተላለፈው በወሊድ ሰዓት ከሆነ በ6ኛው ሳምንት የሚመጣው መርፌ ዘግይቷል። ፔንታ የመጀመሪያዋን አይተካም። ከዚያ በ9 ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ስትመጪ ልጁ ነፃ መሆኑን በደም አስመርምሪ።

ማክሰኞ ለሐኪምሽ የቫይረስ መጠን ምርመራ እንዲያዝልሽ ንገሪው። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ200,000 ዩኒት (IU) በላይ ከሆነ መድኃኒት ይጀመራል። መለካት በማይቻልበት ቦታ ሳይለካም መስጠት እንደሚቻል የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ላይ አለ። 30 ሳምንት ላይ ነሽና ቀጠሮውን አታሳልፊ።

ስለ ሲኒው፦ በሲኒ፣ በጉርሻ፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። ለየብቻ መሆን ያለበት ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ጥፍር መቁረጫ ነው፤ ደም የሚነካው ነገር። ልጁ ከተወለደም በኋላ እንጥል እናስቆርጥ የሚል ዘመድ ቢመጣ ምላጭ እንዳታስነኪው።

ስለ ባለቤትሽ ዝምታም አንድ ነገር ልበል። ፔንታ አገራችን የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ልጆች ይሄን ክትባት አላገኘንም። ብዙዎቻችን ዘንድ ቫይረሱ የገባው ከእናት ወይም ገና በሕፃንነት ነው። አሁን ተገኘ ማለት አሁን ያዘሽ ማለት አይደለም። እናትሽና ወንድም እህቶችሽም ይመርመሩ።

አባወራ፦

እህታችን፣ እኔም ሚስቴ ላይ ሲገኝ ለሦስት ቀን አፌን ዘግቼ ነበር። ተናድጄ አልነበረም፣ ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው። አራተኛው ቀን አብሬያት ሄድኩ። ተመረመርኩ፣ ነፃ ሆንኩ። ሦስት መርፌ ወሰድኩ፤ ያኔውኑ አንድ፣ በወሩ አንድ፣ በ6ኛው ወር አንድ። ማክሰኞ አብሮሽ እንዲሄድ ጠይቂው። እሱ እስኪጀምር አትጠብቂ።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማክሰኞ አብረን ሄድን። ስጠይቀው ወዲያው ነው ጫማውን ያደረገው። የእሱ ውጤት ነፃ ነው፣ የመጀመሪያውን መርፌ ተወግቷል። ለቫይረስ መጠን ደም ሰጥቻለሁ፤ ውጤቱን እየጠበቅኩ ነው።

ያልሽኝንም ጠየቅኩ፣ የታቦሯ እናት። "ማታስ? እሁድስ?" ስል አዋላጇ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ክትባት ክፍል ወሰደችኝና ከኃላፊዋ ጋር አገናኘችን። ወደ ወሊዴ ስቃረብ አንድ ብልቃጥ ማዋለጃው ፍሪጅ እንደሚገባ ተስማሙ። ካርዴ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈችልኝ። ባለቤቴ ግን ፔርሙስ ሳልገዛ አላድርም ብሏል፣ ለማንኛውም።

የአዋላጇን መልስ ለአማቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። 1999 የሚለው ላይ አስቆሙኝና ድጋሚ አስነበቡኝ። የልጆቻቸውን ዕድሜ በጣታቸው ቆጠሩ። ሐሙስ ከኔ ጋር ሄደው ይመረመራሉ።