እኛ ጎንደሬዎች የኒያንደርታል ዘር አለብን እንዴ?

የአዘዞ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ስለ ኒያንደርታል፣ ድሮ ስለጠፋው የሰው ዘመድ፣ ክርክር ተነሳ። አንዱ ጓደኛዬ «ኒያንደርታል የፈረንጅ ጉዳይ ነው፣ እኛ ጋር ምንም የለም» ብሎ ድርቅ አለ። ሌላው ሁሉም ሰው ውስጥ አለ ባይ ነው። የቱ ነው ትክክል? ደግሞስ ይሄን ያህል ዘመን የተቀበረ አጥንት ውስጥ ዲኤንኤ እንዴት ይተርፋል?

ማራኪ ሰፈር፦
የመጀመሪያው ጓደኛህ ግማሽ እውነት ይዟል። ኒያንደርታሎች ከአውሮፓ እስከ ሳይቤሪያ ነው የኖሩት፣ ከ40,000 ዓመት በፊት ገደማ ጠፉ፣ አፍሪካ ውስጥ አፅማቸው አልተገኘም። በ2010 እ.ኤ.አ. እነ ስቫንቴ ፔቦ (የጥንት ዲኤንኤ ተመራማሪ) ክሮኤሺያ ካለው ቪንዲያ ዋሻ የወጡ አጥንቶችን መርምረው ከአፍሪካ ውጭ ያለው ሕዝብ ከእነሱ የወረሰው እንዳለ አሳዩ፣ ዛሬ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይባላል። ግን እዚህ ላይ ነው ጨዋታው፦ ከእነሱ ጋር የተዋለዱት ሰዎች የልጅ ልጆች ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ቀንድ ተመልሰው ገብተዋል። ስለዚህ የሰሜን ደገኛው ላይ አለ። ከአውሮፓዊው ያንሳል፣ ከምዕራብ አፍሪካዊው ይበልጣል። በቃ፣ ማኪያቶውን ሁለቱም ይክፈሉ።

ጠዳ፦
ስለ አጥንቱ እኔ ልመልስ። ዋናው ነገር ቅዝቃዜ ነው። ሙቀትና እርጥበት ዲኤንኤን ይበጣጥሰዋል። ለዚህ ነው ሳይቤሪያ ያለው ዴኒሶቫ ዋሻ ተአምር የሚያወጣው። 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ከሆነች አንዲት የአጥንት ስባሪ፣ እናቷ ኒያንደርታል አባቷ ዴኒሶቫን (ሌላ የጠፋ የሰው ዘመድ) የሆነች ልጅ አገኙ እኮ! የእኛም አገር አለ፦ ጋሞ ደጋ ላይ ሞጣ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት ሰውዬ። ዲኤንኤው የወጣው ከውስጠኛው ጆሮ ዙሪያ ካለው የራስ ቅል ክፍል ነው፣ ከሰውነታችን አጥንት ሁሉ ድፍን ያለው እሱ ነው። ያ ሰውዬ የተመላሾቹ ዘር የለበትም፣ ስለዚህ ከእሱ ጋር ሲያነጻጽሩን ከውጭ የገባው ይለያል።

የአዘዞ ልጅ፦
እሺ፣ ያቺ ትንሽ ድርሻ ምን ትሠራለች ታዲያ?

ማራኪ ሰፈር፦
አንዳንዷ ትጠቅማለች፣ አንዳንዷ ጣጣ ናት። 3ኛው ክሮሞዞም (የዲኤንኤ ጥቅል) ላይ ያለች አንዲት ቁራጭ ኮቪድ እንዲጠና ታደርጋለች፣ ከኒያንደርታል የመጣች መሆኗ በ2020 እ.ኤ.አ. ታወቀ። ደቡብ እስያ ውስጥ በጣም የተለመደች ናት፣ አፍሪካ ውስጥ ግን የለችም ማለት ይቻላል።

ቀበሌ 18፦
ድንቅነሽንስ ለምን አይመረምሯትም?

ጠዳ፦
3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ ያውም አፋር ሙቀት ላይ? አይታሰብም ወንድሜ።