ምንም ሳያመኝ ኮሎኖስኮፒ ልታይ?

ጠያቂ (መሐል ሜዳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ በ52 ዓመታቸው የትልቁ አንጀት ካንሰር ተገኝቶባቸው በዓመቱ አረፉ። ደም ማየት ከጀመሩ ቆይተው ነበር፤ «ኪንታሮት ነው» እየተባሉ ቅባት ሲቀቡ ጊዜው ሄደ። እኔ 41 ዓመቴ ነው፣ የሚያመኝ ነገር የለም። ሐኪም ግን አዲስ አበባ ሄደሽ ኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ትልቁን አንጀት ከውስጥ ማየት) ታዪ አለኝ። አንድ ዘመዴ ደግሞ «አውሮፓ ውስጥ ተጠንቶ ብዙም አይጠቅምም ተብሏል» የሚል ላከልኝ። ገብስ ሸጬ የያዝኳት ብር ናት። የምታውቁ ንገሩኝ።

መላሽ (ሸዋ ሮቢት)፦
እህቴ፣ ደህና አካል ምን ያስነካካል? ሲያምሽ ትሄጃለሽ።

መላሽ (ነርስ፣ ደብረ ብርሃን)፦
ወንድሜ፣ እባክህ እንዲህ አትበላት። ይህ በሽታ ማመም ሲጀምር ብዙ ጊዜ ርቆ ሄዷል።

እህቴ፣ የተላከልሽ በ2022 የወጣው ጥናት ይመስለኛል። ፖላንድ፣ ኖርዌይና ስዊድን ውስጥ ከ55 እስከ 64 ዓመት የሆናቸው 85 ሺህ ገደማ ሰዎች ነበሩበት። በ10 ዓመት ውስጥ ለምርመራ ካልተጠሩት ከ1000 ሰው 12፣ ከተጠሩት 10 ገደማ ካንሰር ያዛቸው። ቅናሹ 18 በመቶ ነው። ግን ከተጠሩት የመጡት 42 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ቤቱ የቀረውም ከተጠሩት ጋር ተቆጥሯል። ቢመጡ ኖሮ ተብሎ ሲሰላ ቅናሹ 31 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በሞት በኩል በ10 ዓመቱ ግልጽ ልዩነት አልታየም፣ ይህንንም አልደብቅሽም።

ያ ጥናት ግን ስለ ብዙኃኑ ሰው ነው። ወላጁ ለታመመበት የሚመከረው በ40 ዓመት፣ ወይም ወላጁ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ፣ ከሁለቱ በቀደመው መጀመር ነው። አንቺ ደርሰሻል።

ምርመራው ላይ ስሠራ አይቻለሁ፤ ፖሊፑ (አንጀቱ ግድግዳ ላይ የሚበቅልና ቆይቶ ካንሰር ሊሆን የሚችል ትንሽ እብጠት) ስክሪኑ ላይ እንደ ትንሽ እንጉዳይ ቆሞ ይታያል። ሐኪሙ የሽቦ ቀለበት አስገብቶ ሥሩን ያንቀውና ቆርጦ ያወጣዋል። ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ ስለዚህ ቀድመሽ መድረስ ትችያለሽ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዝግጅቱስ ይከብዳል?

ነርስ፦
የሚከብደው እሱ ነው። ቆሎና ተልባ ከጥቂት ቀን በፊት ይቅርብሽ። ዋዜማውን ውሃና ወተት የሌለው ሻይ ብቻ፤ ቀይ ለስላሳ አትጠጪ፣ ውስጥ ሲታይ ደም ይመስላል። የሚያጥበውን መድኃኒት እንዳዘዙሽ ጨርሺው፤ አንጀቱ ካልጸዳ ፖሊፕ ያመልጣል። የሚያስተኛ መድኃኒት ስለሚሰጥሽ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ወንድም እህት አለሽ? 40 የሞላቸው ካሉ እነሱም ይታዩ።

ጠያቂ፦
ታላቅ ወንድሜ አለ፣ 44 ነው። ዛሬውኑ እደውልለታለሁ።