የዘይት ፊልትሮዬ አብጦ ወጣ፤ ሞተሩ ምን ሆኖብኝ ነው?

የደብረ ብርሃኑ ሾፌር
ሰላም ወገኖች። የምነዳው ኮሮላ ዲኤክስ ነው፤ እንጀራዬም እሷው ናት። ቅዳሜ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ አስነሳኋት። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ቶሎ እንድትሞቅ ብዬ ነዳጅ ረገጥ ረገጥ አደረግኩ። ገና ከግቢ ሳልወጣ የዘይት ሽታ ሸተተኝ። ወርጄ ሳይ ከሥሯ ዘይት ተንጣሏል። ወዲያው አጠፋኋት።

ፊልትሮውን ስፈታው ደነገጥኩ። ጠፍጣፋ የነበረው ታቹ እንደ ድፎ ዳቦ ጉብ ብሏል። ጠረጴዛ ላይ ላቆመው ብል አልቆም አለ። የጎማ ቀለበቱ በአንድ በኩል ከቦታው ወጥቷል። ከተገጠመ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው! ሻጩ «ዕቃው ችግር የለበትም» ይላል፤ የሰፈሩ ጋራዥ ደግሞ «ፎርጅድ ነው፣ ሌላ ግጠም» አለኝ። ማንን ልመን? የዘይት መብራቷ አንዴም አልበራችም።

ባለ ቪትዝ
ፊልትሮው ተደፍኖ ይሆናል። ዘይቱ ማለፊያ ሲያጣ ነፋው። ኦሪጅናል ግጠምና ተገላገል።

26 ዓመት ጋራዥ
ወንድሜ፣ እባክህ ፊልትሮ ብቻ ቀይረህ መንገድ እንዳትወጣ።

ፊልትሮ ስለተደፈነ አያብጥም። በውስጡ ያለው ማጣሪያ ወረቀት ሲዘጋ የሚከፈት ማለፊያ ቫልቭ አለ፤ ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል። ያበጠ ፊልትሮ የሚነግርህ የዘይት ግፊቱ ከልክ ማለፉን ነው።

የዘይት ፓምፑ የሚዞረው በሞተሩ ነው። በረገጥክ ቁጥር ብዙ ዘይት ይገፋል። ትርፉን ወደ ኮፓው፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ የምትመልስ የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቭ አለች፤ ትንሽ ብረት ናት፣ ከኋላዋ ሞላ አላት። በብረት ብናኝ ወይም በደረቀ ዘይት ተይዛ አልከፈት ካለች ትርፉ መሄጃ ያጣል። በመስመሩ ላይ ስሱ ነገር የፊልትሮው ቆርቆሮ ነው፤ እሱ ያብጣል፣ ጎማው ይወጣል። ጠዋት ደግሞ ዘይቱ ስለሚወፍር ግፊቱ ይብሳል። 20 ደብልዩ 50 የሚባለውን ዘይት የምትጠቀም ከሆነ ለአንተ አገር ብርድ ወፍራም ነው።

መብራቷን አትመናት። የምትበራው ግፊት ሲያንስ እንጂ ሲበዛ አይደለም።

አዲስ ፊልትሮ ግጠም። የዘይት መብራቷን ስዊች አስፈትተህ በቦታው የግፊት መለኪያ ይታሰርልህ። ነዳጅ ሳትረግጥ አስነሳ። ጤነኛ ሞተር ሞቆ መንገድ ላይ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ያሳያል። መርፌው ወደ 100 ከወጣ አጥፋና ፓምፑን አስወርድ።

የዶልፊን ሾፌር
ጋሼ ያሉትን ስማ። እኔ ፊልትሮ ብቻ ቀይሬ ተሳፋሪ ጭኜ ወጣሁ። ሁለተኛውም ፊልትሮ ጎማውን ተፋ፤ ዘይቱ በደቂቃ ውስጥ አለቀ። ሞተሩ ነከሰ፤ ደርቆ መዞር አቆመ። አራት ወር ሥራ ፈታሁ።

የደብረ ብርሃኑ ሾፌር
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ ጋራዥ ወስጄ አስለካሁ። ሳትረገጥ መርፌው 90 ላይ ቆመ። መካኒኩ ትንሽ ነካ ሲያደርጋት 130ን አለፈና በድንጋጤ አጠፋት።

ፓምፑን ለማውረድ ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ቫልቯን አሳየኝ። በጣት ስትገፋ ወደ ውስጥ ገብታ መመለስ ነበረባት፤ ንቅንቅ አላለችም። በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጎ አወጣት። ዙሪያዋን ጥቁር የደረቀ ዘይት ይዟታል፤ ጎኗ ላይም በጥፍር የሚዳሰስ ጭረት አለ። ብትጠረግም መልሳ ትያዛለች ብሎ ፓምፑን ሙሉ ቀየረው። ኮፓውንም አጠበው። ዘይቱን 10 ደብልዩ 40 አደረግነው።

አሁን ሞቃ ስትሄድ 50 ላይ ናት። ሻጩንም ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ዕቃው ምንም አልነበረበትም። ዛሬ ጠዋት ውርጭ ነበር። ሳልረግጥ እስክትሞቅ ጠበቅኳትና አጥፍቼ ከሥሯ ገብቼ ፊልትሮውን ዳሰስኩት። ታቹ ጠፍጣፋ ነው።