የአስታማሚዎች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት፦ የጋራ ረቂቅ (ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ)

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለቦርዱ የምናቀርበው ረቂቅ አንደኛ አንቀጽ፦ «የካንሰር ሕክምና የጨረሱ ልጆችን ለሚያስታምሙ እናቶች በዓመት አንድ ጊዜ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ይሰጥ።» እስከ ዓርብ ማታ አርሙልኝ።

ነርሷ፦ «እናቶች» የሚለው ይውጣ። ልጁ አብሯት የሚያድረው አያቱ ናት፣ የምታበላው ሠራተኛዋ፣ ቫይረሱን ከትምህርት ቤት ይዞ የሚገባው ደግሞ ታላቅ ወንድሙ። ምዝገባው በቤት ይሁን። ለልጁ ራሱ የሚሰጥበትን ጊዜ የሚከታተለው ሐኪም ይወስን፤ ኬሞ ከጨረሰ ብዙም ካልቆየ ሰውነቱ ለክትባቱ የሚሰጠው ምላሽ ደካማ ነው፣ የቤተሰቡ መከተብ ዋጋ የሚኖረውም ለዚህ ነው። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ልባቸውን የነካባቸው ወይም ደረታቸው ላይ ጨረር የወሰዱ ልጆች ያሉባቸው ቤቶች ይቅደሙ።

ቆጠራው ላይም ስህተት አለ። ከ6 ወር እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተብ ሁለት መርፌ ያስፈልገዋል፣ ቢያንስ በ4 ሳምንት ልዩነት። እናት፣ አባት፣ አያት፣ የ4 እና የ7 ዓመት ልጆች ያሉበት ቤት አምስት ሰው ነው፣ መርፌው ግን ሰባት። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን አይከተብም።

ገንዘብ ያዥ፦ ሲስተር፣ በጀቱን አፈረስሽው! ለ40 ቤት 40 መርፌ ነበር የያዝኩት። ባለ 10 ሰው ጠርሙስ ብንገዛ አይረክስም?

ፋርማሲስቱ፦ ጋሼ፣ ሊረክስ ይችላል፣ ግን ሦስት ቦታ እየተዞረ ሲሰጥ የተከፈተ ጠርሙስ ተርፎ ይጣላል። 0.5 ሚሊ ሊትር ተሞልቶ የሚመጣውን መርፌ ምረጡ። ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ ባለ አራት ዘር ነው (ለአራት ዓይነት የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የተሠራ) ተብሎ ዋጋ ቢጨመርባችሁ አትቀበሉ፤ አራተኛው፣ ቢ ያማጋታ የሚባለው፣ ከመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ አልታየም። ካርቶኑንም አገላብጡ፦ 2025/2026 የሚል ለሰሜን ንፍቀ ክበብ ወቅት የተሠራ ነው፣ 2026 ብቻ የሚል ለደቡብ። ማብቂያው ሁለት ወር የቀረውን በቅናሽ የገዛ ሰው ሁለተኛውን መርፌ የሚሰጥበት ቀን ያጥርበታል።

ዋናው ጭንቀቴ ግን መንገዱ ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። ሁሉም ሙቀት ይፈራል፣ የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ በረዶ ነው፦ አይስ ፓኩ ከፍሪዘር ወጥቶ ወዲያው ቫክሲን ካሪየር (የክትባት መያዣ ሳጥን) ውስጥ ይገባል፣ የነካው መርፌ በረዶ ይሆናል። አይስ ፓኩን ጠረጴዛ ላይ አውጥታችሁ አስቀምጡት፤ ስትነቀንቁት ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ከሰማችሁ፣ ላቡን ጠርጋችሁ አስገቡ። ሌሎች ክትባቶች ላይ የለመድነው የመነቅነቅ ፈተና፣ ማለትም ጠርሙሱን ነቅንቆ በዝቃጩ በረዶ ሆኖ እንደነበር መለየት፣ እዚህ አያገለግልም፤ የተለመደው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት አሉሚኒየም ስለሌለበት በረዶ ሆኖ ቢቀልጥም ዝቃጭ አይታይበትም። ስለዚህ ቴርሞሜትርና የበረዶ ጠቋሚ (ሙቀቱ ከበረዶ ነጥብ በታች ከወረደ የሚያሳይ መሣሪያ) በጀት ውስጥ ይግቡ።

የሰበታ ተወካይ፦ እኛ ሰፈር «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» የሚሉና «መርፌው ራሱ ያሳምማል» የሚሉ ይበዛሉ። በወረቀቱ ላይ ምን እንጻፍ?

ነርሷ፦ ክትባቱ የሞተ ቫይረስ ነው፣ ኢንፍሉዌንዛ አያሲዝም። ክንድ ማመምና ቀለል ያለ ትኩሳት ለአንድ ሁለት ቀን ሊኖር ይችላል። መከላከያው እስኪጎለብት ወደ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ በዚያ መሀል የታመመ ሰው ነው ወሬውን የሚያስነሳው። ተራውን ጉንፋን እንደማይከለክልም ጻፉ፣ አለዚያ በመጀመሪያው ንፍጥ «ዋሹን» ይሉናል።

ጸሐፊዋ፦ አንቀጽ አንድ ተሻሽሏል፦ «ሕክምና ከጨረሰ ልጅ ጋር በአንድ ቤት የሚኖር፣ ዕድሜው ከ6 ወር በላይ የሆነ ሁሉ፣ ተመላላሽ ሠራተኛን ጨምሮ፣ በየዓመቱ ይከተብ።» ከመርፌው በኋላ 15 ደቂቃ መቆያ ወንበር፣ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ መጣያ ሳጥን) እና የሁለተኛው መርፌ ቀን የሚጻፍበት ካርድ አንቀጽ ሦስት ውስጥ ገብተዋል። ጋሼ፣ በጀቱን በመርፌ ቁጥር አስልተው እስከ ሐሙስ ይላኩልኝ። የለገጣፎ ሰዎች፣ የእናንተ የቤት ዝርዝር ብቻ ነው የቀረው።